የግንቦት ድርቆሽ

እኔ እንየው ነኝ፣ የመናኸሪያው፣
የማንጎ ደላላ፣ የሳጥን ቆጣሪው።
ፍኖተ ሰላም ላይ ስሜን ያነሳ ሰው
ገበሬ ፊት ከሆነ ቶሎ ብሎ ይዋጠው።

ግንቦት ሲጋመስ፣ ዛፉ ሲያዘነብል፣
ልጅ እንዳዘለች ሴት ጎንበስ ቀና ሲል፣
አህያ ተጭኖ ከየጎጡ ሲጎርፍ፣
እኔ ጥላ ሥር ነኝ፤ ጥርሴን ስፍቅ፣ ሳርፍ።
ጠዋት ዋጋ አልጠራም፤ ምን አስቸኮለኝ?
ፀሐይዋ ራሷ ትከራከርልኝ።
ቀትር ላይ ቆዳው ነጠብጣብ ሲያወጣ፣
ዝንብ ከነዘመዱ ተጠራርቶ ሲመጣ፣
ያኔ ብድግ ብዬ ሳጥን እነካለሁ፤
«ለሚበሰብስ ዕቃ ዋጋ የለም» እላለሁ።
ገበሬው ያየኛል፤ አህያውን ያያል፤
የመልሱን ዳገት በልቡ ይወጣል፤
ይሰጠኛል።

አንድ ሰው አልሰጡኝም። አያ ይርዳው ናቸው።
ስምንት ሳጥን ማንጎ፣ ክፉ ቃል ሳይወጣቸው፣
ላህ ድልድይ ወስደው፣ አንድ በአንድ እያነሱ
ጣሉት ወደ ወንዙ። ሲጨርሱ፣
ባዶውን ሳጥን ጭነው ተመለሱ።

ማታ ለባለቤቴ እየሳቅሁ ሳወጋ
ባንቻየሁ አልሳቀችም። ኩራዙን ጠጋ
አደረገችና «ስንት ሳጥን?» አለች።
«ስምንት።»
«ስንት ኪሎ?»
በከሰል፣ ግድግዳው ላይ፣ ሒሳብ ጀመረች።

በሳምንቱ ጓሮዬ ጓሮዬን አልመስል አለ፤
የአልጋዬ አጎበር ወርዶ እንጨት ላይ ተንጠለጠለ።
ባሏ የፈታት አንጓች፣ ቴክኒክ የተማረች ትሁኔ፣
ቢላዋ ሲያፋጩ አደሩ ከራስጌዬ፣ ከጎኔ።
ሰፈሩ ሳቀ፦ «ድርቆሽ ለበሬ ነው!
ያም ካልሆነ የእንጀራ! የማንጎው የማነው?»
ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤
ደላላ በሚስቱ ሲስቅ ማን ይቅደመኝ።

የመጀመሪያውን ዙር ሻጋታ በላው።
ሰኔ ሳይጠራ መጥቶ ደጁን አጨቀየው።
አንጓች አለቀሰች። ትሁኔ ተቆጣች።
ባንቻየሁ አንዱን ቁራጭ አፍንጫዋ አስጠግታ
ብዙ ቆየች።
«ወፍራም ነው የከተፍነው። ይቅጠን» አለች። ይኸው ነው።
ሳቄ የቆመው ያን ለት ነው። ለምን? እኔ ምን አውቄው።

ከዚያማ ልጣጩ አቼቶ ሆኖ ኮመጠጠ፤
የለዘበው ለማርማላታ ድስት ውስጥ ቀለጠ፤
የቆራሌው ጠርሙስ ተቀቅሎ፣ ተደርድሮ ደረሰ፤
ዝቃጩ ለጎረቤት ዶሮ ፈሰሰ፤
ፍሬው በቆርቆሮ በቅሎ ለገበሬው ተመለሰ።

ዘንድሮ ሚዛኑ ዘንድ የቆምሁት እኔ ነኝ፤
ሚስቴ ቀጥራኛለች፤ ደመወዝም አለኝ።
አያ ይርዳው መጡ፣ አህያቸውን እየነዱ።
ምላሴ ግን፣ አይ ምላሴ! ቀትር ጠበቀ እንደ ልማዱ።
እሳቸውም ቁጭ አሉ ጥላዬ ሥር ገብተው፣
መፋቂያ አወጡ ከኪሳቸው ስበው፦
«ዋጋ አትጥራ ልጄ፤ ምን አስቸኮለህ?
ምንም የማይበሰብስበት ደጅ ነው የቆምህ።»

ባንቻየሁ ብቅ አለች፣ እስከ ክርኗ ቢጫ ነች፤
«በጠዋቱ ዋጋ። አሁኑኑ ክፈል።» ተመልሳ ገባች።

ብድሩ አላለቀም። ላስቲኩ ተቀዷል።
የአዲስ አበባው ሱቅ ስልሳ ጠርሙስ ወስዶ ስልኩን አጥፍቷል።
ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ይደበድባል፤
ማንጎ የሚባል ነገር ገበያው ረስቷል።
ከመደርደሪያው ጥግ አንዲት ቁራጭ ጎረስሁ፤
እልኸኛ ናት፤ አልላላ አለች፤ ቀስ ብዬ አኘክሁ።
ግንቦት ከነፀሐዩ ምላሴ ላይ ተፈታ።
ደጅ የቆመ ሰው ዋጋ ይጠይቃል፣ ከመሸ፣ በማታ፤
አፌ ሞልቷል፤ ልመልስለት አልቻልሁም።
ይጠብቅ ለአንድ አፍታ።