ባለቤት የሚለው ዓምድ

«መርባት ማለት፣» አለኝ ሳሌም፣ የግመሉ ጌታ፣
«ማሰሪያ ማለት ነው፤ የፈረሶች ቦታ።
የአባቶቼ አባቶች፣ ከዚሁ ከጠረፉ፣
ፈረስ ጭነው በጀልባ ሕንድ ድረስ አለፉ።
ዛሬ ግን እይልኝ፤ ገመድም የለ፣ ችካልም የለ፣
ያልታሰረው ሁሉ ተራራዬ ላይ ዋለ።»

ሐምሌ ነው። ኸሪፍ ነው። ጉም ከባሕር ወጥቶ
ተራራውን ለብሶት፣ አሸዋውን ረስቶ፣
ሦስት ወር ብቻ ነው ይህ ምድር የሚያጌጠው፣
ሦስት ወር ብቻ ነው ሣር የሚባል ያለው።
ዓመቱን የሚያበላ ይኸው ነው፣ ሌላ የለም፤
የሁሉም ነው ይሉታል፣ የማንም አይደለም።
የግመል፣ የላምም፣ የሚዳቋም ደግሞ፤
ዳኛው አንድ ብቻ ነው፦ የደረሰ ቀድሞ።

አራት ነን። ኢልሃም፣ ሱዳናዊት ሐኪም፤
ሁለት ባሉሾች፣ ዝም ያሉ እንደ ጉም፤
አራተኛው እኔ ነኝ፣ የእንጅባራ ሰው፣
ፈረስ ስናይ ቀድመን ስሙን የምንጠይቀው።

ቆጠርን። ከጉሙ ውስጥ ጆሮ ሲወጣ ቆጠርን፤
ጅራት ብቻ ሲታይ፣ ተጠራጥረን፣ ሰረዝን፤
እንደገና ቆጠርን። መቶ አሥራ ሁለት።
«ሣሩ የሚችለው ግን አርባን ነው፣ ምናልባት፣»
አለች ኢልሃም፣ መነጽሯን እየጠረገች።
ጠርጋ ሳትጨርስ ጤዛው መልሶ አለበሳት።

ከየት መጡ? ከበረት ነው፤ ከተዘጋ ጋጣ፣
ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ የገብሱ ዋጋ ሲወጣ።
አንዱ በሩን ከፈተ በሌሊት፣ በቀስታ፤
ጎረቤት አየና ከፈተ በተርታ።
«ሂዱ» ብሎ የለቀቀ ቸር ነው የሚመስለው፤
ዕዳውን ሣር ሲከፍል ማን ዞሮ ሊያየው?

ሳሌም «ጥይት» ይላል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤
ጎናቸው የሚቆጠር ግመሎች አሉት ሳሌም።
ከከተማ የመጣች አንዲት ሴት አለቀሰች፣
«እንዳትነኩ!» ብላ፣ ፎቶ አነሳችና ሄደች።
ቢሮው መሐል ገባ፦ መርፌ በጠመንጃ፣
ዓመት የሚያመክን። ይሠራል? እኔ እንጃ።
ለሚገራ እንሰጣለን ወጣት ወጣቱን፤
ያረጀውን ኢልሃም ታያለች ብቻዋን።

በስድስተኛው ቀን፣ ከገደሉ አፋፍ፣
አንዲት ዳማ ባዝራ ከጉሙ ስታልፍ፣
አወቅኋት።
ቀኝ ጆሮዋ ቅድ ነው። ያ ቅድ የኔ ጥፋት፣
መቀስ የሳትኩበት ጋማ ስከረክምላት።
ሦስት ዓመት ቦረሽኳት፤ ሦስት ዓመት አጠብኋት።
ስሟ ሌላ ነበር በጋጣው መዝገብ፤
እኔ «እንኮይ» እላት ነበር ገለባ ሳቀርብ።
እና በዚያ ሌሊት፣ በቀስታ፣ በሩን የከፈተው—
«ክፈት» ያለው ጌታ፣ እጁ ግን የኔ ነው።

ስሟን ልጥራ ብዬ አፌን ከፍቼ ተውኩት፤
ብትመጣስ አምናኝ፣ ጠመንጃ እንዳቀፍኩት?
ሃያ አምስት እርምጃ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ተኮስኩ።
ጭኗ ላይ ሰፈረ። አልወደቀችም። ቆምኩ።
ዘለለች፤ ረገጠች፤ ተመልሳ ጋጠች፤
ማን እንደተኮሰ ዞራም አልጠየቀች።

ማታ በባትሪ መብራት ቅጹን ሞላሁላት፦
ተራ ቁጥር፣ ሰባ አራት። ቀለም፣ ዳማ። ጾታ፣ እንስት።
ምልክት፣ ቀኝ ጆሮ፣ ቅድ። መርፌ፣ ተሰጥቷት።
ባለቤት፦

«ሰረዝ አድርግበት፣» አለች ኢልሃም ከወዲያ፣
«ሁሉም እንደዚያ ነው፤ አትቁም ብዙ እዚያ።»

በአገሬ ልማድ ነው ጌታን በፈረሱ መጥራት፤
እዚህ ፈረሱ ነው ጌታ የሚፈለግለት።
በኔም የመኖሪያ ካርድ ይኸው ዓምድ አለ፤
እዚያ ሰረዝ የለም፤ የሰው ስም ተጣለ፣
የኔን ስም የማያውቅ፣ አንድ ቀን ያየሁት፣
በመኪና መስኮት።

ሰረዙን አልሳልኩም። ነጭ ቦታ ነው ብቻ።
ገጽ ገለበጥኩ። ሰባ አምስት። ወንድ። ግራጫ።