የአንጓች እጅ

አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንጓች በር ከፈተች፤
«እንግዳ መጣ» ብላ፣ ከመስኮቱ ጠፋች።
አንድ ጊዜ ነርስ ሆና፣ ግሉኮስ ሰቀለች፤
ፊቷ ተቆረጠ፣ እጇ ብቻ ታየች።

በክፋት ወጣላት፣ እንጀራዋ ኋላ፣
የእንጀራ ልጇን፣ መርዝ አብልታ ገድላ።

ጣና ዳር ወረደች፣ ቆሮሶ ልትገዛ፣
ከታንኳ ማቆሚያ፣ ከሞላልኝ ታዛ።
«ያቺን የሙት ልጅ ገድለሽ፣ የሌላት አሳቢ፣
ለገዳይ አልሸጥም፤ እጅሽን ታጠቢ!»

ልትስቅ ነበር፤ ተወችው።
እርጥቡ አሸዋ ላይ፣ ተንበርክካ ቀረች፤
«ቁረጡ» የሚል ሳይኖር፣ ከልቧ አለቀሰች።

ሞላልኝ ዝም አለ፤ ቅርፊቱን ገፈፈ፤
«እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ያለፈው አለፈ፤
ከትልቁ ጨምሬ፣ ለእናትሽ ውሰጂ።»
ይቅርስ ብሏታል፣
የሰጠችውን ብር፣ አሸተተው እንጂ።