አስተካክላለሁ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቆርቆሮው ላይ ድመት ሮጠ፤
ቤቱ ሁሉ እንደተኛ ነው፣ የእኔ እንቅልፍ ብቻ አመለጠ።
ዳንሲቱ ዞር አለችና «ጨዋታ አይደለም ወይ?» አለች፤
አንሶላውን ወደ ራሷ ስባ፣ መልስ ሳትጠብቅ ተኛች።

ጨዋታስ ጨዋታ ነው፣ ማን ጦርነት አለው?
ሆዴ ነው እንጂ ባር ባር የሚለው።
አርባ አንድ ዓመት የሞላኝ፣ የባጃጅ ሞተር ፈትቼ
በጨለማ የምገጥም፣ ብሎኑን በጣቴ አይቼ፣
ነገ አንዲት የእንጨት ወታደር ሁለት ቤት ለማራመድ
ጉልበቴ ቄጤማ ሆነ፤ ያዘኝ መብረድ፣ መንደድ።

ጋራዥ ውስጥ እንዲህ አልነበረም።
ሰሌዳችን ካርቶን ነው፣ ዘይት የጠጣ፣ የወዛ፤
አንዱ ግንብ ድሮ ጠፍቶ፣ ካንዴላ ቆመለት ቤዛ።
ሃሜሶ አንዴ ለመጫወት ሻይ ያዛል፣ ጎማ ይነፋል፣
ደንበኛ ሸኝቶ ይመጣል፣ ንጉሡን በክርኑ ይገፋል።
ተሸናፊ ሻይ ይከፍላል፣ ከዚያ ያለፈ ዕዳ የለም፤
የግድግዳው ሰዓት ከቆመ ሁለት ክረምት አልፎታል፣ ግድ የለም።

የነገው ሌላ ሰዓት ነው፤ ሁለት ፊት ያለው፣ ጨካኝ፣
አንዱን ጉንጩን ሰው ሲመታው በሌላው የሚበላኝ።
ያስመዘገበኝ ሃሜሶ ነው፣ ሳያማክረኝ፣ በእኔ ስም፤
«ሁለት መቶ ብር ከፍያለሁ፤ ተመላሽ አይደረግም»
ብሎኝ ሳቀ።

ምክርማ መች ጠፋ።
አንዱ ሙዝ ብላ ይለኛል፤ አንዱ ባዶ ሆድ ይሻላል ይላል፤
ጎረቤቴ ለዳሞ «በአፍንጫህ ሳብ፣ እስከ አራት ቁጠር፣ ልቀቅ» ብሎኛል።
ቆጠርኩ።
አራቱም ፈረስ ሆኑና፣ ሁለት ወደፊት፣ አንድ ወደ ጎን እያሉ
አልጋዬን ሲረግጡ አደሩ፤ አንሶላውን አመሰቃቀሉ።

ሊነጋጋ ሲል ወጣሁ፣ ወደ አሞራ ገደል።
ጀልባዎቹ አልተመለሱም።
አባ ኮዳ ዳር ቆሟል፣ አንገቱን በትከሻው ቀብሮ፣
ጥቁር ኮት እንደደረበ ዳኛ፣ ሳይቸኩል፣ ዓሣ ቀጥሮ።
ሰው ሁሉ «ምን ያለ ትዕግሥት!» ይላል፤ ሆዱን ግን ማን አየለት?
በአንድ እግሩ የቆመው ምናልባት፣ ሌላው እየተንቀጠቀጠበት።

ከኋላዬ ባጃጅ አለፈ። ሳላየው፣ በድምፁ ብቻ
«ካንዴላው አርጅቷል» አልኩ፣ «ቢበዛ ሦስት ቀን፣ ያኔ ነው መጨረሻው።»
ያን እያልኩ፣ ለአንድ አፍታ፣ መፍራቴን ረሳሁ።
መርሳቴን ሳስተውል ደግሞ ተመልሶ መጣ።
ያም ሆኖ የጋራዡን ግንብ በኪሴ ይዤ ገባሁ።

አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ የሚጮኸው ጫማዬ ነው።
ጠረጴዛ አሥራ አንድ። ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ባዶ ነው።
ፈረሴ ትንሽ ዞሯል።
«አስተካክላለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ዳኛው ቀና ብሎ አየኝ።
ሕጉ ነው፤ የነካኸውን ማንቀሳቀስ ግዴታህ ነው፣
ይህችን ቃል ቀድመህ ካላልክ።
ምነው ለሆድም በሠራች!
«አስተካክላለሁ» ንጉሡን።
«አስተካክላለሁ» ኮሌታዬን።
ልቤ ጋ ስደርስ ድምፄን ቀነስኩ።

ተጋጣሚዬ መጣ። ቃልአብ ይባላል፣ ከዲላ ነው፣
ዕድሜው ዘጠኝ ቢሆን ነው፤
እግሩ መሬት አይደርስም፤ በእጁ ግማሽ ሙዝ ይዟል።
አየኝ። አየሁት። ምራቁን ዋጠ።
«ጋሼ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ሽንት ቤቱ በየት ነው?»

እኔን ነው መጠየቅ! ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ሄጃለሁ።
«ሁለት በር ወደፊት» አልኩት፣ «ከዚያ አንድ ወደ ጎን።»
እንደ ፈረስ ዘሎ ወጣ።

ሰዓቱ ገና አልተነካም።
የረሳት ግማሽ ሙዝ የንግሥቱ ቤት ላይ ተጋድማለች።
እጄን ዘረጋሁ፤ ዳኛው እንደገና አየኝ።
«አስተካክላለሁ» አልኩት።