የተውሶ አፍንጫ

ሉዊቪል፤ ቅዳሜ፤ ኅዳር፤ ሊመሽ ሲል፤
የኦሃዮ ወንዝ ጉም ድልድዩን ሲከልል፤
አንድ ሰው ገባ ሱቄ፣ ባርኔጣውን አራግፎ፣
የብርጭቆውን ረድፍ ሳያየው አልፎ።
“ጢስ የሚያወጡትን” አለ፣ “አሳየኝ እስኪ፤
ለቤት፣ ለኮክቴል፣ ለማታ ውስኪ።”

እኔ ዘጠኝ ዓመት ጢስ ስሸጥ የኖርኩ፣
ምላሴን እንደ ቢላ በሞረድ የሳልኩ፣
ደረደርኩለታ፦

“ይኼ የጢስ ሽጉጥ ነው፤ ባትሪ ይበላል፤
ፍቅፋቂ ያጎርሱታል፣ በቱቦ ይተፋል፤
ሰማንያ ዘጠኝ ዶላር፣ የአንድ ዓመት ዋስትና፤
ጣጣው ማጠቡ ነው፣ ጥቀርሻ ይይዛልና።
ይኼኛው የመስታወት ጉልላት ነው፤ ያምራል፤
ሲያነሡት እንግዳው እጁን አፉ ላይ ይጭናል፤
ግን ቁም ሣጥን ይሞላል፤ የልጅ ልጅ ይሰብረዋል።
ይቺ ደግሞ ክዳን ናት፣ ከእንጨት የተፈለፈለች፣
ሆዷ ወንፊት የለበሰ፣ ብርጭቆ አፍ ላይ የምትቀመጥ፤
ቆንጥረው ፍቅፋቂ ጣል፣ በጋዝ እሳት ለኮስ፤
ጢሱ ወደ ላይ መሄድ ትቶ ቁልቁል ይፈስ።”

ዝም አለ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ነገር
በዘጠኝ ዓመት ገበያ አንድም ቀን ያልነበር፦
“እንዴት ነው የሚጠፋው?” “እንዴት ይለኮሳል” ሳይል።
“ሲያበቃስ የት ይደፋል? ፍሙ መቼ ይሞታል?”

ሮይስ ታኬት ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት
እሳት አደጋ መኪና ላይ፣ በዚሁ ከተማ፣ ቀንና ሌሊት።
“ጢስ ያውቀኛል” አለኝ፣ “እኔም አውቀዋለሁ፤
የሶፋውን ከሽቦው፣ ደጅ ቆሜ እለያለሁ፤
እለይ ነበር” ብሎ አፍንጫውን መታ፣
እንደ ባዶ ቤት በር፣ በጣቱ፣ በቀስታ።
“የበርሜል መጋዘን ነው፤ ውስኪው ቦይ ለቦይ፣
ሰማያዊ ነበልባል ለብሶ ይወርዳል እንደ ጠንቋይ፤
ሰፈርተኛው ‘ሽታው ሲጣፍጥ!’ ሲል ሰማሁ፤
እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ምንም አላሸተትሁ።”

“ታዲያ ጢሱ ለምንዎ?” ልል አልኩና ዋጥኩት።
ከረጢት ገፋ ወደኔ፤ “አሽትትልኝ” አለ። አሸተትኩት።

የፖም እንጨት ነው። “ጥሩ ነው” አልኩት።
“ጥሩ ምን ማለት ነው?”
መልስ አጣሁ። ዘጠኝ ዓመት “ለስላሳ፣ ጣፋጭ” ስል
ካርቶኑን ነው ያነበብኩ እንጂ አላሸተትኩም በውል።
ዓይኔን ጨፈንኩና ደግሜ ሳብኩበት፤
“የተማሪ ቦርሳ ነው፤ እርሳስ የተቀረጸበት፣
ያልተበላ ምሳ ዓርብ ዕለት የተረሳበት።”
“ቼሪውስ?” “የሟች አክስቴ የጌጥ ሣጥን፣ ሲከፈት።”
“ሂኮሪው?” “ይተዉት፤ የሥጋ ጥብስ ነው፤
መጠጡን አንቆ ይዞ እራት የሚያደርገው።”
“ኦኩስ?”
በርሜል ሁሉ ኦክ ነው፤ ያን ሌሊትም የነደደው።
ከረጢቱን ሳልከፍት ሰጠሁት። ወሰደው።

“ክዳኗን” አለ “ስጠኝ፤ መዳፌ ትበቃታለች፤
ብትከፋም በአንድ እርጥብ ጨርቅ ትሞታለች።”
የጋዙን መለኮሻ ገፋው፤ “ክብሪት አለኝ፤
የሚጮህ እሳት” አለ “ቤቴ አይግባብኝ።”

በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ።
ዕቃ ሊመልስ መስሎኝ ደረሰኝ ሳወጣ፣
“ምንም” አለኝ ሳልጠይቅ፤ “አፍንጫዬ ድንጋይ ነው።
ግን ጢሱ ብርጭቆው ውስጥ ሲንከባለል አየሁት፤
ዕድሜ ልኬን ሳባርረው ቁጭ ብዬ አላየሁት።
ጂኒቫ፣ ሚስቴ፣ ቀመሰችው፤ ሳለች፤ ሳቀች፤
‘ዝናብ ያራሰው የቤተ ክርስቲያን ወለል’ አለች፤
ቀጥላ ‘የአባቴ ካፖርት፣ ባቡር ጣቢያ’ አለች፤
አርባ ዓመት ስንጋባ ነግራኝ የማታውቀው ጣቢያ።”

የቼሪውን ከፈለና አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።
“ሐሙስ ሌላ ትለኛለች” ብሎ ወጣ።

ሱቁን ዘጋሁ። መብራት አጠፋሁ።
የፖሙን ከረጢት በጨለማ ከፈትኩ።
እርሳስ አይደለም።
ገና አላገኘሁለትም።