ያልተመታች ነጥብ

ሊዬዥ፣ ኅዳር አጋማሽ፣ ማሞቂያው ተበላሽቶ፣
የሊቃውንቱ እጅ ሁሉ ከካፖርት ኪስ ገብቶ፣
ምድር ቤት ሰዋስው፣ ፎቅ ላይ ሥነ ጽሑፍ፣
ባንድ ጣራ ሥር፣ ባንድ ቀን፣ ሁለት ጉባኤ ሲያልፍ፣
እኔ ሰዓት ያዥ ነኝ፤ ሁለት ካርቶን ይዣለሁ፤
አንዱ “አምስት ደቂቃ”፣ ሌላው “ይብቃ” ይላል፤
በሰው ዓረፍተ ነገር ላይ አራት ነጥብ እሆናለሁ፣
ስልሳ ዩሮ ለቀኑ፣ የሾርባ ኩፖን ይታከላል።

ታች ማዳም ጎድሊቭ ኦንኬ፣ አፍንጫዋን ጠመኔ ነክቶት፣
ሰሌዳው ላይ ዛፍ ተከለች፣ ሐረግ በሐረግ ሰክታበት፤
ባለቤቱን ቅርንጫፍ ላይ፣ ተሳቢውን ከሥሩ ሰቅላ፣
እያንዳንዱን ቃል ጠየቀች፣ እንደ ጉምሩክ ኬላ፦
“የማን ነህ? ወዴት ነህ? ማሰሪያህ የታለ?”
ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ቃል፣ በሷ ቤት፣ ገና አልተባለ።

ላይ ደግሞ ሴኑ አዋንጂኑ፣ ከኮቶኑ ትናንት የመጣው፣
(አንገቱ ላይ የጠመጠመው የሆቴሉ ፎጣ ነው)
አራት ገጽ ባንድ ትንፋሽ ያነባል፤ ነጥብ የለው፣ ማረፊያ የለው፤
ምባንዳካ ወደብ ላይ ኤኮፎ የሚባል ጸሐፊ የተወው።
“ወንዝ ነው” ይላል ሴኑ፣ “ኮንጎ ነው የሚወርደው፤
ወንዝን ማን ያስቆመዋል? ማን በነጥብ ይገድበው?”
“ይብቃ” የሚለውን ካርቶን አነሳሁ። አላየኝም።

ምሳ ላይ አንድ ድስት ብቻ፤ የባሮ ሽንኩርት ሾርባ።
ላይና ታች ተደባልቆ ካንድ ረጅም ጠረጴዛ ገባ።
ጎድሊቭም ያንኑ አራት ገጽ ፎቶ ኮፒ ይዛለች፤
“ቆጠርኩት” አለች፣ ማንኪያዋን እንደ ዳኛ መዶሻ መታች፤
“ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ግስ፤ ሁሉም ቦዝ፣ ሁሉም የተንጠለጠለ፤
መጥቶ፣ ጭኖ፣ ከፍሎ፣ ሄዶ… እና? ከዚያስ ምን አለ?”
“ቦዝ አትበዪው” አለ ሴኑ፣ “ሰው ጀልባ ሲጠብቅ አይቦዝንም።”
“እኔ ሰውየውን አላልኩም።” “አንቀጹም ቢሆን አይቦዝንም።”

ከጥግ የነበረች ሴት፣ ካፖርቷ ሥር የሆስፒታል ነጭ ልብስ፣
ዳቦዋን ሾርባ ነክራ፣ ዝም ብላ ስትቀምስ፣
“አባቴ ነው” አለች። ምቦዮ ትባላለች። በእንግድነት ተጠርታ፣
የመጣችው ባልደረባዋን ለሁለት ሰዓት በቦታዋ ተክታ።
“ታይፑ የመንግሥት ነበረ፤ የነጥቧ ቁልፍ ስለታም፣
ስትመታ ወረቀት ትበሳለች፤ ወረቀት ደግሞ አይገኝም፣
ተቆጥሮ ነው የሚሰጠው። የተበሳ ገጽ ቢገኝ ከደመወዙ ይቆረጣል፤
ታዲያ ስምንት ልጅ ያለው ሰው ነጥብ በምን አቅሙ ይመታል?”

ሾርባው ቀዘቀዘ። ማንም ማንኪያ አላነሳ።
“በእጁ ሲጽፍልንማ” አለች፣ “ለነጥብ መቼ ሳሳ፤
‘ደህና ነን። ዘነበ። ፍየሏ መንታ ወለደች። በቃ።’”
ዋናውን ጽሑፍ አወጣች፣ በላስቲክ ጠቅልላ ያኖረችውን፣ ከብል ጠብቃ።
አንደኛው ገጽ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ አንዴ ሞክሯል መሰል፣
ክብ ቀዳዳ አለች፣ ሰናፍጭ የምታክል።
ኮፒው ላይ ጥቁር ጉድፍ ነበረች፤ ጎድሊቭ የማሽን ጥፋት ብላ አጥፍታት፣
ሴኑ ግን “ደሴት” ብሎ፣ ግማሽ ገጽ ጽፎላት።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገችው።
የሜዝ ወንዝ ብርሃን፣ አመድማ፣ በቀዳዳዋ ሾልኮ ገባ።
ሁለቱ ሊቃውንት በየተራ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣
ጎንበስ ብለው አዩ።
“ጀልባ ይታየኛል” አለ ሴኑ።
ጎድሊቭ ብዙ ቆየች።
“የድልድዩ አንድ እግር” ብላ ቀረች።

ምቦዮ ሰዓቷን አየች። ወረቀቷን ጠቀለለች።
በር ላይ ሳህኗን አቀበለችኝ፦
“አንተ ጠጣው፤ ቀዝቅዟል ግን።”

ማሞቂያው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሠራ።
ሰው አልነበረም።
ወንበሮቹን ደራረብኩ።
ዛፉን ከሰሌዳው አጠፋሁ።
በቃ።