ዘጠኝ ሃይላንድ

ሙት ላሜን ቆጥሬ ይበቃኛል ብዬ
ደሴ ድረስ ብወጣ ላቤቱታዬ፣
«ማስረጃሽ የታለ?» አለኝ ያ ሰውዬ።

ቦርከና ቀን ደህና ነው፣ እንግዳ ሲያየው፤
የፋብሪካው ቱቦ አፉን የሚከፍተው
ኮምቦልቻ ሲተኛ፣ ውሻው ዝም ሲል ነው።

ዘምዘም ባትሪ ይዛ፣ የሙሄ ልጅ ሃይላንድ፣
እኔ ፕላስተር ላይ ጻፍሁ፦ «ቁጥር አንድ፤
ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ሽታው በረኪና፣ ጉሮሮዬን የሚያንቀኝ»።
«ማነቁን ሰርዢው» አለች፣ «ስሜት ነው ይሉናል»።
ሰረዝሁት። ከሥሩ ግን አሁንም ይነበባል።

አሥራ ሰባት ቤት ፈረመ። ይመር እምቢ አለ፤
ልጁ እዚያው ፋብሪካ በፈረቃ አለ።
ሲነጋ ግን ደጄን ብከፍት
የይመር ጎመን፣ ከነሥሩ፣ ጠቁሮ፣
ያለ ፊርማ።

እንደገና ደሴ። ዘጠኙ ሃይላንድ በዘንቢል፣
ከሦስት እስከ ስድስት «ስብሰባ ናቸው» ሲባል፣
አግዳሚው ላይ ቁጭ እንዳልን
ዝቃጩ ወረደ፣ ውሃው ጠራብኝ።
ሰውዬው አንዱን አንስቶ በመስኮቱ ብርሃን አየው፤
«እናቴ፣ ይሄማ ደህና ውሃ ነው።»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ፣ ይላሉ።
ተቀብዬ ነቀነቅሁት።
ክዳኑን ከፍቼ
ከማኅተሙ አጠገብ አስቀመጥሁት።
አፍንጫውን ያዘ።

«ይሄም ይጻፍልኝ» አልሁት፣
«ሰዓቱ ስድስት ከሩብ»።