የጉርድ ፎቶ ቦታ

ገበያ ነው ዛሬ፤ ቆላድባ ሞልቷል፤
ሽንብራውን ሸጦ፣ አህያውን አስሮ፣ ሰው ለልደት ካርድ መጥቷል።
መብራት ከሄደ ሰንብቷል፤
ኮምፒውተሩ ዳንቴሉን ለብሶ፣ እንደ ታመመ ሰው ተኝቷል።
እኔ በእስክሪፕቶ ነኝ። መዝገቡ አራት ቅጂ ነው፤ ክንዴን ጥዬ እጽፋለሁ፤
ፊደሉ አራተኛው ገጽ ድረስ እንዲሰምጥ እጫናለሁ።

እመት ወርቅያንስ ገቡ፤ ከኋላቸው ልጃቸው፤
ጉበኑን ጎንበስ ብሎ ያለፈ ጎረምሳ፣ አንድያቸው።
(አንድያቸው፤ ያኔ እንዲያ መስሎኝ ነበር።)

"ስም?"
"ማስረሻ።"
"የተወለደበት ቀን?"
እናት የነጠላቸውን ጫፍ ሊፈቱ፣
ቀኑን እዚያ የቋጠሩት ይመስል፣ በጥርሳቸው ጎተቱ።
የቴምብር ብር ወጣ። ቀን የለም።

"ኅዳር ሚካኤል ውሎ፣ በሦስተኛው ሌሊት፣
የአያ ጥጋቡ ላም ማጥ ገብታ የቀረች ለት።"
"ዓመቱስ?"
"የናፍጣ ወፍጮ ቀበሌያችን ገብቶ፣
መጁ ከእጄ የወደቀ፣ ወገቤ የቀና ዓመት።"

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ላሟን በቀን መመንዘር፣
ወፍጮውን በዓመተ ምሕረት መዘርዘር፤
አሥራ ሁለት፣ ሲደመር ሦስት፤
ኅዳር አሥራ አምስት፣ ዘጠና ስምንት።

ለእናቱ ስንተኛ ልጅ ነው? ይላል ቀጥሎ ቅጹ።
"አንደኛ" አለ ልጁ።
"ሁለተኛ" አሉ እናት።
እስክሪፕቶዬ ቆመ ከሁለቱ መኻል።

"እማ፣ ምን ነካሽ? እኔ አይደለሁ የበኩር?"
"ዝም በል። ሁለተኛ በል፣ ጸሐፊው፤ ይቆጠር።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ሲጠሩህ፣
አቤት ስትል፣ ወዴት ስትል፣
ምኑን? ብለህ አትጠይቅም? ማንን? አትልም እንዴ?
የሚረሳ ሳይኖር ማስረሻ ይወጣል ከሆዴ?

እንጉዳይ ነበረች።
በፍልሰታ ፍቺ፣ ጭቃው ከጓዳ ሲገባ፣ ነሐሴ የመጣች።
በአምስተኛው ጥቅምት፣ ወባው ቤት ለቤት ሲዞር፣
ጤና ጣቢያው ክኒን አልቆበት፣ ነገ ተመለሱ ሲል ሲያሳድር፣
በሦስት ቀን አለቀች።
አንተ ገፍተህ ነበር በሆዴ፤
ጎንበስ ብዬ ልስማት አቃተኝ።

እሷንም ጻፍልኝ።"

"ሞቷን ነው?" አልኳቸው።
"ሞቷንማ ማን አጣው። ልደቷን።"

መመሪያው ይላል፣ ልደቱ ያልተጻፈ ሞቱ አይጻፍም።
ጎንደር ለስልጠና ገብተን፣ የውሎ አበል ስንጠብቅ፣
"ያልተወለደ አይሞትም!" እያልን በዚህ አንቀጽ ስንሳሳቅ፣
ሻይ በብስኩት ነበረ፤
እመት ወርቅያንስን አላውቅም ነበረ።

በልጁ ቅጽ ላይ፣ ከቆምኩበት፣ ሁለተኛ ብዬ ሞላሁ።
አዲስ ገጽ ገለጥኩ። ስም፣ እንጉዳይ። ፆታ፣ ሴት።
የአባትና የአያት ስም ልጁ ነገረኝ፤
የራሱ ነውና ያውቀዋል፤
ስሳሳት ጣቱን ከወረቀቱ ላይ አድርጎ፣
"በሀሌታው አይደለም፣ በብዙኃኑ ነው" ብሎ አረመኝ።
ሌላ ቃል አልተናገረም።

"እዚህ ይፈርሙ፣ እመት።"
ፊርማ የለም፤ አውራ ጣት አለ።
ሰማያዊውን ቀለም ነክተው፣ ያለ መነጽር ሲፈልጉ፣
መስመሯ ቀጭን ናት፣ አልታየቻቸውም፤
ከላይ ያለው ባዶ አራት ማዕዘን ታያቸው፤
"ጉርድ ፎቶ" ከሚለው ላይ
ጣታቸውን አሳርፈው፣ ቶሎ አላነሱትም።

ደንቡን አውቀዋለሁ፤ የተበላሸ ቅጽ ይሰረዛል፣
ሁለት መስመር ተሰምሮበት፣ "የማያገለግል" ይባላል።
ከደጅ ሰው ያጉረመርማል፤ ገበያው ሊበተን ነው፤ አህያ ያናፋል።

ማኅተሙን አነሳሁ። እንደ ደንቡ፣
ግማሹን ከወረቀቱ፣
ግማሹን ከፎቶው ላይ መታሁ።